ድግጣዬ ቅጠሉን ሙልጭ አርጎ አራገፈው፣ ሞቶ ነው ወይስ ጸባዩ ነው?

የለገጣፎዋ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ተክል ላይ እጃችሁ የሚያምር ሰዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው እዚህ የምጽፈው። ቤታችን ለገጣፎ ጫፍ ላይ ነው፣ ሰፈሩ ገና አዲስ ነው፣ አስፋልት የለም፣ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር አቧራው ሳሎን ድረስ ይገባል። አምና ሐምሌ ላይ ግቢውን ስናስተካክል የአጥሩ ጥግ ላይ የሀገር ተክል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩና ድግጣ ተከልኩ። ሰፈሩን ዞር ብላችሁ ብታዩት እኮ ሁሉም በር ላይ ቦገንቪሊያ ሁሉም ጥግ ላይ ፓልም ነው፣ ምን እንደሆነ አላውቅም ሰልችቶኛል። ድግጣ ደሞ ወደ ሰንዳፋ ሲወጣ ገደል ገደሉ ላይ ቢጫ ዘለላውን አንጠልጥሎ ሳየው ሁሌ ደስ ይለኛል።

እስከ ህዳር ድረስ ምንም አልሆነም፣ ወገቤ ድረስ ደርሶ ነበር። ከዛ ታህሳስ ላይ የታችኛው ቅጠል ቢጫ መሆን ጀመረ፣ አሁን ጥር ላይ ደሞ ጭራሽ ሁለት ሶስት ቅጠል ጫፍ ላይ ቀርቶ ሌላው እንጨት ብቻ ነው። ውሀ አጣ ብዬ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ባልዲ ማጠጣት ጀመርኩ ምንም ለውጥ የለም። አፈራችን ጥቁር ነው፣ አሁን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ባለቤቴ በቃ ሞቷል፣ ንቀይውና እዛ ጋ ፓልም እናድርግበት እያለኝ ነው፣ ፓልም!

ጥያቄዬ እንግዲህ፣ ሞቶ ነው? ካልሞተስ ውሀውን ልቀጥል? ደሞ ከብሎኬት አጥሩ አንድ ሜትር እንኳን አይርቅም፣ ሲያድግ ግንቡን ይገፋብኝ ይሆን? ሌላ ደሞ ጎረቤታችን እትዬ አንድ ቀን መጥተው አይተው «ልጅ ያለበት ቤት ይሄን ትተክያለሽ እንዴ» ብለውኝ ሄዱ፣ ለምን እንደሆነ ግን አላስረዱኝም። የሶስት አመት ልጅ አለችኝ፣ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ የምትከት። የምታውቁ ንገሩኝ በናታችሁ።


ጎጆ_ወጪ፦
እህቴ ሞቷል። ውሀ እየጠጣ ቅጠል የሚያራግፍ ተክል ምን ቀረው? ደሞ ለነገሩ ድግጣ እኮ የገደል እንጨት ነው፣ ካሬውን በስንት ብር ገዝተሽ የገደል እንጨት ትተክያለሽ እንዴ ሃሃ። ባልሽ ልክ ነው። ቅጠሉ ሲረግፍ ደሞ የሚጠርገው ማነው?


ችግኝ_አፍይ፦
ኧረ ቀስ በሉ እንጂ ሰው ንብረት ላይ ፍርድ አትስጡ።

የለገጣፎዋ፣ መጀመሪያ ይሄን አድርጊ። ከግንዱ ታች፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለሽ፣ ቅርፊቱን በጥፍርሽ ትንሽ ፋቅ አርጊው። ከስሩ እርጥብ ያለ አረንጓዴ ከታየሽ በህይወት አለ፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ወደ ታች ወርደሽ ሞክሪ። ከላይ ያሉት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ቢደርቁም ግንዱ አረንጓዴ ከሆነ ችግር የለውም፣ ከታች ያቆጠቁጣል። ሳትፍቂ ማንም ሰው ሞቷል ቢልሽ አትስሚ።

እኔ ችግኝ ጣቢያ ነው የምሰራው፣ የሀገር ዛፎች ላይ። ድግጣ ሙሉ በሙሉ አመቱን አረንጓዴ ሆኖ የሚከርም አይነት አይደለም። ውሀ የሚያገኝበት ቦታ፣ ወንዝ ዳር ወይ የጫካ ጥላ ውስጥ ከሆነ ቅጠሉን ይዞ ይከርማል፣ ደረቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ግን በጋ ላይ በከፊልም ሆነ ሙሉ በሙሉ ያራግፋል። ውሀ ለመቆጠብ የሚያደርገው ነገር ነው፣ ትንሽ ዝናብ ሲያገኝ ወዲያው ይመልሳል። አንቺ ጋ ደሞ የመጀመሪያ በጋው ነው፣ ስሩ ገና ወደታች አልወረደም፣ ስለዚህ ባያራግፍ ነበር የሚገርመኝ።

አሁን የሚያሳስበኝ በጋው አይደለም ውሀው ነው። ጥቁር አፈር ዋልካ ነው አይደል? ዋልካ ከላይ ተሰንጥቆ ድርቅ ያለ ይመስልና ከስር ግን ውሀውን ይዞ ይቀመጣል፣ በቀን ሁለት ባልዲ ስትደፊበት ስሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ቅጠል የሌለው ተክል ደሞ ውሀ ብዙም አይጠጣም፣ የሚያተነው በቅጠሉ ነዋ። ስለዚህ አቁሚ። በሳምንት አንዴ፣ አንድ ባልዲ፣ ቀስ እያልሽ ከግንዱ ትንሽ ራቅ አርገሽ ዙሪያውን። ከዛ በፊት ግን ስንጥቁን ዝጊው፣ ምክንያቱም ዋልካ ሲሰነጠቅ ቀጫጭን ስሮችን አብሮ ይበጥሳቸዋል፣ በስንጥቁም ትኩስ አየር ገብቶ ያደርቃቸዋል። አፈሩን ላይ ላዩን በዶማ ፈልፈል አድርገሽ ፍግ ቀላቅለሽ ሙይውና ከላዩ አራት ጣት የሚሆን ጭድ ወይ የታጨደ ሳር አልብሺው፣ ግንዱን ግን ጭዱ እንዳይነካው። ይሄ ብቻ ግማሹን ስራ ይሰራልሻል።

ክረምት ሲመጣ ደሞ ተቃራኒው ችግር ነው የሚመጣብሽ፣ ዋልካ ላይ ሐምሌ ነሐሴ ውሀ ይተኛል። ከሰኔ በፊት ዙሪያውን አፈር ከፍ አድርገሽ ጉብታ ስሪለትና ውሀው የሚወርድበት ትንሽ ቦይ ቅደጂ። ድግጣ ገደል ላይ የሚወጣው እኮ ወዶ ነው፣ ውሀ የማይተኛበት ቦታ ስለሚወድ ነው።

ግንቡን በተመለከተ፣ ድግጣ እንደ ባህር ዛፍ ወይም እንደ ሾላ አይነት ግንብ የሚገፋ ግንድ የለውም፣ ክፍት ቦታ ላይ ከሁለት እስከ አራት ሜትር ነው የሚሆነው፣ ከስሩ ብዙ ግንድ እያወጣ ቁጥቋጦ ይሆናል። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ብርሀን ፍለጋ ከዛ በላይ ይመዘዛል ግን ግቢ ውስጥ እንደዛ አይሆንም። አንድ ሜትር ይበቃዋል፣ አጥሩ ላይ የተደገፈውን ጎን እየከረከምሽ ትይዢዋለሽ።


የእንጦጦ_ስር፦
ችግኝ አፍይ ያለው ሁሉ ልክ ነው ግን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ የተከልሽው እውነት ድግጣ ነው? ምክንያቱም አሁን አሁን ችግኝ ሻጮች ቢጫ የሚያብብ ነገር ሁሉ ድግጣ ነው እያሉ ነው የሚሸጡት። እኔ ራሴ አንዴ ድግጣ ተብዬ ገዝቼ ሲያብብ ካሲያ የሚባለው ሌላ ባለ ቢጫ አበባ ተክል ሆኖ አገኘሁት። ካሲያ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም ግን የፈለግሽው የሀገር ከሆነ እወቂው።

አለያየቱ ቀላል ነው። ቅጠሉ ሁለቱም ላይ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተደረደረ ነው፣ ድግጣ ላይ ግን ጫፉ ላይ ብቻውን የቀረ አንድ ቅጠል አለ፣ ጎዶሎ ነው ማለት ነው። ካሲያው ጫፉ ላይም በጥንድ ነው የሚጨርሰው። አንቺ ጫፍ ላይ የቀሩ ሁለት ሶስት ቅጠሎች አሉ ብለሻል፣ አንዱን በጥሰሽ ከጫፉ ተመልከቺው። ድግጣ ከሆነ ትንንሾቹ ቅጠሎች ከአምስት እስከ አስራ አምስት ጥንድ ይሆናሉ፣ ለስለስ ያሉ ናቸው፣ ጫፋቸው ድቡልቡል ያለ።

አበባው ሲመጣ ደሞ ጭራሽ አያሻማም፣ የድግጣ አበባ የአተር አበባ አይነት ቅርጽ ነው ያለው፣ ዘለላው ወደ ታች ይንጠለጠላል። የካሲያው ግን አምስቱ የአበባ ቅጠሎቹ ዘርጋ ያሉ ናቸው፣ ጽዋ የሚመስል። ፍሬውም ይለያል፣ የድግጣ ሲደርቅ ልክ እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ ጠፍጣፋ፣ ጣት የሚያህል፣ በአንዱ ጠርዙ በኩል በጣም ቀጭን ክንፍ የመሰለ ነገር አለው፣ ወደ ብርሀን ከፍ አድርገሽ ብታዪው ውስጡ ያለው ዘር ጥላው ይታያል።

ሌላ ደሞ ያ ጥሩምባ የሚመስል ቢጫ አበባ ያለው በየመንገዱ አካፋይ የሚተከለው አለ አይደል፣ እሱ ጭራሽ የአሜሪካ ተክል ነው፣ ድግጣ ነው ብለው እንዳይሸጡሽ።


ነርሷ፦
እትዬ ያሉሽን ነገር እኔ ልንገርሽ፣ ማንም ስላልመለሰልሽ። ድግጣ መርዝነት አለው። ገጠር ቅጠሉን ወቅጠው በውሀ ዘፍዝፈው ከብት ያጥቡበታል፣ ለቅማልና ለመዥገር። በምርምርም ተሞክሮ ከቅጠሉ የተጨመቀው መዥገር ላይ እንደሚሰራ ታይቷል። ባቄላና ቦሎቄ እንዳይነቅዝ ቅጠሉን አድርቀው የሚያደርጉበትም አለ። መዥገር የሚገድል ነገር እንግዲህ ለሶስት አመት ልጅ ምን እንደሚሆን አስቢው።

ውስጡ ያለው መራራ ነገር ግብጦን መራራ ከሚያደርገው ጋር አንድ ወገን ነው። ግብጦ ስንት ቀን ተዘፍዝፎ ውሀው እየተቀየረ ነው የሚበላው አይደል፣ ለዛ ነው። ግን እባካችሁ ማንም ሰው ይሄን አንብቦ ድግጣንም ዘፍዝፌ እንዳይል፣ ድግጣ አይበላም በቃ። ዘሩም ቅጠሉም። ለሆድ ነው ለእባብ ነው ለእብድ ውሻ ነው እያሉ በጥብጠው የሚያጠጡ አሉ፣ እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሀ አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር ነው ያለበት፣ ሌላ ጨዋታ የለም።

ይሄን ስል ንቀይው ማለቴ አይደለም። እኛም ግቢ እኮ ኮሽምም እንቆቆም አለ፣ የሚወጋውም የሚመረውም አለ። ልጅቷ እስክታድግ ድረስ ፍሬ ሲይዝ ከስር ያለውን ልቀሚ፣ ዝቅ ያሉትን ዘለላዎች ሳይደርቁ ቁረጫቸው፣ ልጅ የሚያጓጓት ያ የሚንኮሻኮሸው ደረቅ ፍሬ ነው።


አባ_ንብ፦
ልጆቼ ሰላም ናችሁ። እኔ በሆለታ በኩል ነኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ንብ ነው የማንበው። ስለ ድግጣ ስትጫወቱ አይቼ ነው።

ጎጆ ወጪ የገደል እንጨት ስትል ትንሽ አሳዘንከኝ። ድግጣ ከእኛ ሀገር ጀምሮ በምስራቅ አፍሪካ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የሚወጣ፣ ህንድም ደቡቡ ላይ ያለ ተክል ነው። ደቡብ አፍሪካዎቹ በየግቢያቸው ለውበት ይተክሉታል፣ ችግኙን ገዝተው። እኛ ያለን ነገር ሲሆን ነው የገደል የምንለው።

ለንብ ጥሩ ነው። አበባውን ንቡም ይወደዋል፣ ያ ጥቁር ትልልቁ እንጨት የሚበሳውም ይወደዋል፣ እንዲያውም እሱ ከብዶት አበባው ላይ ሲያርፍ የአበባው የታችኛው ክፍል ይከፈትና ያኔ ነው ዱቄቱ ሆዱ ላይ የሚቀባው። ጠዋት ሶስት ሰዓት ገደማ ጸሀይ ሲሞቅ ቁጭ ብለሽ ብታዪው ደስ ይልሻል ልጄ። ቀፎ ያለው ሰው ዙሪያውን ድግጣ ቢያደርግ የሚጎዳው ነገር የለም፣ እኔ ባህር ዛፍ ሲያብብ የሚገኘውን ማር ባልንቅም አመቱን ሙሉ አንድ ዛፍ ላይ መንጠልጠል አልወድም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ከብት ብዙ አይነካውም። ለዛ ነው ድሮ አጥር ላይ ይተውት የነበረው። በግ የምታስገቡ ከሆነ ለበዓል፣ አጠገቡ ግን አትሰሩት፣ የተራበ በግ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።


ሱሉልታ_ቆፈን፦
ሰላም፣ እኔ ትንሽ ልቃወም። ለገጣፎ ላላችሁት ይሁን፣ እኛ ሱሉልታ ግን ውርጭ አለ። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥር ጠዋት ስትነሳ ሳሩ ነጭ ሆኖ ነው የምታገኘው፣ የመኪና መስታወት በካርድ ነው የምንፍቀው። የኔ ድግጣ ቅጠሉን ያራገፈው እንደ እሷ ቢጫ እየሆነ አይደለም፣ በአንድ ሌሊት ነው፣ ጥቁር ሆኖ ተንጠለጠለ፣ የተቀቀለ ጎመን መሰለ። ስለዚህ «ጸባዩ ነው» የሚባለው ሁሌ አይሰራም። ቢጫ ሆኖ ቀስ እያለ ከታች ወደ ላይ የሚረግፍና ጠቁሮ ከላይ ወደ ታች የሚሞት ይለያያል።

ትልቅ ሲሆን ይችለዋል ይባላል፣ ሜዳው ላይ ሳይሆን ወደ ዳገቱ ያሉትም አላቸው፣ ውርጭ ሜዳ ላይ ነው የሚተኛው። እኔ ግን ቆላልፌ ትቼ አሜጃ ተከልኩ። አሜጃ ቅጠል አያራግፍም፣ አበባው ከድግጣ ይበልጣል፣ አንድ አንዱ ብቻውን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው የሚወጣው፣ ደማቅ ቢጫ። እንጦጦ ላይ ከፍታው ጋ፣ ባሌ ተራራ ላይ ሁሉ የሚወጣ ስለሆነ ብርድ አይፈራም። ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ ቅጠሉ የሆነ የቅመም ሽታ አለው። ሱሉልታ፣ ጫንጮ ላላችሁ የምመክረው እሱን ነው። የሚያስጠላው ነገር ችግኙን ማግኘት ነው፣ ዘሩ እንደ አሸዋ ደቃቅ ነው፣ እኔ በስንት መከራ ነው ያገኘሁት።


ችግኝ_አፍይ፦
ሱሉልታ ቆፈን ጥሩ ነጥብ ነው፣ ውርጭ ያለበት ሜዳ ላይ ከሆነ እኔም አሜጃ ነው የምለው። ወይም ድግጣውን የመጀመሪያ ሁለት አመት ማታ ማታ በማዳበሪያ ጆንያ መሸፈን፣ ጠዋት መግፈፍ። በላስቲክ ግን አትሸፍኑ፣ ላስቲኩ የነካው ቅጠል ይቃጠላል።


የለገጣፎዋ፦
ኧረ ተባረኩ! በጣም ነው የማመሰግነው። አሁን ወጥቼ ፋቅኩት። ከላይ ያሉት ቀጫጭኖቹ ኩም ብለው ተሰበሩ፣ ደረቅ ናቸው። ግንዱ ጋ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብዬ ስፍቀው ግን አረንጓዴ ነው፣ እርጥብ፣ ጥፍሬ ስር ገባ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት፣ «እሺ እስከ ሚያዝያ» አለ። ሚያዝያ ላይ ፓልሙ እንዳይመጣ እንግዲህ ጸልዩልኝ።

የእንጦጦ ስር፣ ቅጠሉንም አየሁት፣ ጫፉ ላይ አንድ ብቻውን የቀረ አለ። ድግጣ ነው ማለት ነው አይደል?

ነርሷ አንቺን ደሞ በተለይ፣ እትዬን ነገ ሄጄ ቡና አጠጥቻቸው አመሰግናለሁ፣ እኔ ቡዳ ምናምን ሊሉኝ መስሎኝ ነበር እኮ። በጉንም ወደ ጓሮ እናደርገዋለን።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ደረቁን ጫፍ አሁን ልቁረጠው? ሌላ ደሞ አጥሩን ተከትዬ አራት አምስት መጨመር ፈልጌ ነበር፣ ከችግኝ ሻጭ ሳይሆን ከዘር ማብቀል ይቻላል? ሰንዳፋ መንገድ ላይ ካሉት ትንንሾቹን ነቅሎ ማምጣትስ?


የእንጦጦ_ስር፦
ጎዶሎ ከሆነ ድግጣ ነው፣ በርቺ።


ጎጆ_ወጪ፦
እሺ ተሸንፌያለሁ። ግን ቅጠሉን የሚጠርገው ማነው የሚለው ጥያቄዬ አልተመለሰም።


ችግኝ_አፍይ፦
ጎጆ ወጪ፣ ቅጠሉ ደቃቅ ነው፣ አይጠረግም፣ እዛው ከስሩ ጭዱ ላይ ትተዋታለች ይበሰብሳል። ተመለሰ?

የለገጣፎዋ፣ ደረቁን አሁን አትቁረጪ። አሁን ስትቆርጪ ህይወት ያለውን ከነካሽ ተክሉ ይነቃቃና ጥር የካቲት ብርድና ድርቅ ላይ ለጋ ቡቃያ ያወጣል፣ እሱም ይሞታል። የበልጉ ዝናብ ይምጣ፣ የካቲት መጨረሻ መጋቢት ላይ፣ የት ጋ እንደሚያቆጠቁጥ ራሱ ያሳይሻል። ከዛ ቡቃያው በላይ ያለውን በስለታም መቀስ ትቆርጫለሽ። ከዛ በኋላ ዋናውን ከርከማ ካበበ በኋላ አድርጊ። በየጊዜው ካልከረከምሽው ረዝሞ እግሩ ባዶ ይቀራል፣ ከከረከምሽው ከታች ይሞላል።

ከመንገድ ዳር ነቅለሽ አታምጪ። አንደኛ ስሩ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ሳይበጠስ አይነቀልም፣ ስሩ የተበጠሰ ደሞ አይያዝም። ሁለተኛ እዛ ገደል ላይ አፈሩን ይዞ ያቆመው እሱ ነው፣ ሁላችንም እየሄድን ብንነቅል ገደሉ ይናዳል። ዘሩን ግን የፈለግሽውን ያህል ልቀሚ፣ ተክሉ አይጎዳም።

ፍሬው ቡናማ ሆኖ ሲንኮሻኮሽ ነው የሚለቀመው። ቶሎ ፈንድቶ ስለማይበተን ጊዜ ይሰጥሻል። በእጅሽ አሽተሽ በሰፌድ አንፍሺው፣ ከዛ ዘሩን ውሀ ውስጥ ጨምሪው፣ የሚንሳፈፈውን ጣይው፣ ነቀዝ የበላው ወይም ባዶ ነው። የሰመጠውን ነው የምትዘሪው። የዘሩ ልጣጭ ጠንካራ ነው፣ እንዲሁ ብትቀብሪው ወራት ሊቆይ ይችላል። ውሀ አፍልተሽ ከእሳት አውርጂው፣ መንተክተኩን ትቶ ትንሽ ሲበርድ ዘሩ ላይ አፍስሽውና እስከ ነገ ተይው። ጠዋት ያበጠውን ታገኛለሽ፣ ያላበጠ ካለ እሱን ለይተሽ ድገሚለት። ያበጠውን ያኔውኑ ዝሪ፣ ከደረቀ ይሞታል።

አፈሩ፣ ሶስት እጅ ቀይ አፈር ወይ የጫካ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ። ዋልካውን በፍጹም ችግኙ የሚበቅልበት ላስቲክ ውስጥ አትክተቺ። አሁን ሰዉ የማያደርገው ግን በጣም የሚጠቅም ነገር ልንገርሽ፣ ሰንዳፋ መንገድ ላይ ዘሩን ስትለቅሚ ከትልቁ ድግጣ ስር ሁለት እፍኝ አፈር አብረሽ ያዢና ከዚህ ጋር ቀላቅይው። ድግጣ የባቄላና የአተር ወገን ነው፣ ስሩ ላይ ትንንሽ እብጠት ይሰራል፣ እዛ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ይዘው ይመግቡታል። አዲስ የቤት መሰሪያ ቦታ፣ ስካቫተር የገለበጠው አፈር ላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች ላይኖሩ ይችላሉ፣ ስለዚህ ከእናቱ ስር ይዘሽለት ትመጫለሽ። ዩሪያ ደግሞ አትጨምሪበት፣ ዩሪያ ካገኘ እብጠቱን መስራት ይሰንፋል።

የካቲት ውስጥ ከዘራሽ በሁለት ሶስት ሳምንት ብቅ ይላል፣ ሐምሌ ላይ ለመተከል ይደርስልሻል። በቀጥታ ላስቲኩ ውስጥ ዝሪ፣ ማዛወር አይወድም። ስትተክይ ላስቲኩን ቅደጂው። ከ2011 ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስንት ሚሊዮን ችግኝ ሲተከል ከእነ ላስቲኩ የተቀበረ በአይኔ አይቻለሁ፣ እባክሽ። በችግኝና በችግኝ መሀል ለአጥር ከሆነ አንድ ሜትር ከምናምን ይበቃል። ጥሩ ቦታ ካገኘ በሁለተኛው ወይ በሶስተኛው አመት ያብባል፣ ቶሎ አዳጊ ነው።


ኮዬ_ባልኮኒ፦
እኔ ኮዬ ኮንዶሚኒየም ነኝ አራተኛ ፎቅ፣ ባልዲ ውስጥ ይሆናል? ቢጫ ነገር አምሮኛል


ችግኝ_አፍይ፦
ትልቅ ባልዲ ከሆነ፣ ሀያ ሊትር የቀለም ባልዲ አይነት፣ ስሩ በሶስት አራት ቦታ ከተበሳ፣ ለተወሰነ አመት ይኖራል። ግን ሁለት ሜትር የሚሆን ነገር ነው፣ አራተኛ ፎቅ ንፋስ ላይ ባልዲው ይገለበጣል፣ ከታች ድንጋይ ሙላበትና ከብረቱ ጋር እሰረው። በጋ ላይ እንጨት ብቻ ሆኖ ባልኮኒህ ላይ እንደሚቆም ደሞ እወቅ። ትንሽ ቢጫ ከሆነ የፈለግከው አደይ አበባ ዝራ፣ መስከረም ላይ ያደርስልሃል።


ኮዬ_ባልኮኒ፦
በጋ ላይ እንጨት ከሆነማ ይቅርብኝ፣ አከራይዋ ማገዶ መስሏት ትወስደዋለች


አባ_ንብ፦
ልጄ የለገጣፎዋ፣ የድግጣና የሌላውንም የሀገር ተክል በአንድ ላይ ማየት ከፈለግሽ ጉለሌ እፅዋት ማዕከል አንድ ቅዳሜ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ። ከተማ አስተዳደሩና ዩኒቨርሲቲው በጋራ ያቋቋሙት ነው፣ የሀገር ተክል ላይ ነው ስራቸው። ምን ምን አጠገብ ለአጠገብ እንደሚስማማ እዛ ቆመሽ ታያለሽ። እኔ ብሆን ድግጣው በጋ ባዶ ሲሆን ዓይን እንዳያስከፋ ከፊቱ ዝቅ ያለ አረንጓዴ ነገር፣ ጌሾ ለምሳሌ፣ አደርግበት ነበር። ጌሾ ቅጠሉ አመቱን ሙሉ የሚያብረቀርቅ ነው፣ ለጠላም ይሆናል። ባልሽም ያኔ ዝም ይላል።


የለገጣፎዋ፦
አባባ ጌሾውን ሲሰማ ባለቤቴ ወዲያው ተስማማ፣ ጠላ የሚለውን ቃል ነው የሰማው ሌላውን አልሰማም። ጌሾ በከፊል ጥላ ይችላል? የአጥሩ ጥግ ከሰዓት በኋላ ጸሀይ የለውም፣ ለድግጣውስ ይሄ ይበቃዋል?


ችግኝ_አፍይ፦
ጌሾ ይችላል። ድግጣው ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ጸሀይ ካገኘ ይበቃዋል፣ አበባው ግን ሙሉ ጸሀይ ላይ እንዳለው አይበዛም። አዲሶቹን አራቱን ወደ በሩ በኩል ጸሀይ ያለበት ጋ አድርጊያቸው። ዘር ካጣሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ዘንድሮ የለቀምነው አለ።